ቀድሞ የተጫነው አውራ ጣት

ቄራው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አውራ ጣት» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሥጋ መርምሯል። ጉበት በመንጠቆ ተንጠልጥሎ ፊቱ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ጫን፣ ለቀቅ ያደርገዋል። ደህናው ጉበት መልሶ ይሞላል። ስብ የወረረው ግን ገርጥቶ፣ ቢላዋውን በቅባት አውዝቶ፣ የጣቱን ጉድጓድ እንደያዘ ይቀራል። ያን ጊዜ «ይጣል» የሚለውን ማኅተም ይመታበታል።

ታዲያ ይሄ የጉበት ዳኛ ራሱ እንዴት ይኖር መሰላችሁ? ከወንበሩ አይነሣም፤ ጉበቱ ይመጣለታል እንጂ እሱ አይሄድም። ጠዋት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ረፋዱ ላይ ሌላ፣ ከምሳ ጋር ሦስተኛ። ምሳው ነጭ ዳቦና ዘይት የጠጣ ድንች ጥብስ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከደጁ ወስዶ ደጁ ላይ ይመልሰዋል። ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ሲንጠለጠል «ድሎት ነው» እያለ ይኩራራል። ኧረ ድሎትስ!

ሠራተኛው ሁሉ ሲመረመር ሐኪሟ የሆዱን ምስል አይታ «ጉበትዎ ላይ ስብ ተጠራቅሟል» አለችው።

ሳቀባት። «እኔ? መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም!»

«መጠጥ ብቻ አይደለም አባቴ። ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ቦርጩ፣ ተቀምጦ መዋሉም ያመጣዋል። አሁን አመጋገብዎን ካስተካከሉ፣ ከተራመዱ፣ ክብደት ከቀነሱ ሊመለስ ይችላል። ችላ ካሉት ግን እያደር ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ መመለሻው ይቸግራል።»

ጉበትን የማውቀው እኔ እንጂ ይቺ ትናንት የተመረቀች! አለ በልቡ። ወረቀቱን አጣጥፎ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ አገኘችው።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች። «ስንቱን ጉበት ስታይ ኖረህ የራስህን ሳታይ ልትሞትብኝ ነው?»

እሱ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ሰኞ ነው። አንድ የገረጣ ጉበት እየተወዛወዘ ደረሰ። ጣቱን ሊጭን ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ጉድጓዱ ቀድሞ አለ።

«ማነው የነካብኝ?»

«ኧረ ማንም ጋሼ!» አለ አራጁ። «አሁን በገዛ እጄ አወጣሁት፤ ይኸው እንፋሎቱን ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ጉድጓዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ መስመር አለ። በእሱም አውራ ጣት ላይ ቢላዋ በወጣትነቱ የተወው ጠባሳ አለ፤ በዚያው ሰያፍ፣ በዚያው ርዝመት።

«በሬዎቹ ከየት ናቸው?»

«ከማደለቢያ። ታስረው ጣፋጭ ጣፋጩን ሲበሉ የከረሙ ናቸው። አንድ እርምጃ አይራመዱም እኮ!»

ሁለተኛው መጣ። ያው ጣት፣ ያው ጠባሳ። ሦስተኛው ምንም ምልክት አልነበረበትም። ተመስገን ሊል ሲል፣ ዓይኑ እያየ፣ ማንም ሳይነካው ሥጋው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ወዲያው እሱም ከቀኝ ጎድኑ ሥር አንዳች ነገር ጫን አደረገው። ቀዝቃዛ ነው፤ አይቸኩልም። ሥራውን የለመደ ሰው እንደሚጫነው ነው የተጫነው።

«ጋሼ፣ ምን ይባል?» አራጁ ማኅተሙን ዘረጋለት። «ይለፍ ወይስ ይጣል?»

ፈራ፤ እንደ ሕፃን ፈራ። ጉድጓዱ መልሶ እስኪሞላ ጠበቀ። አልሞላም። የታረደ ነገር አይመለስም፤ ይሄን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ማኅተሙን ሳይቀበል ተነሥቶ ወጣ። መኪናውን አልፎት በእግሩ ሄደ። በየእርምጃው ያ ጣት ከጎድኑ ሥር አብሮት ነበር።

ሚስቱ ላብ አጥምቆት ስታየው ደነገጠች። «ምነው? መኪናውስ?»

ሸሚዙን ገለጠላት። ከጎድኑ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ መኻሉን ሰያፍ መስመር ያቋርጠዋል። ጮኸች። ከዚያ መዳፏን አኖረችበት።

«ይሞቃል?» አላት።

«ይሞቃል።»

«እንግዲያው ገና አልታረድኩም። ያንን ወረቀት አምጪልኝ» አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

እሷ ግን እጇን ማንሣት ፈራች። ከመዳፏ ሥር ያ ጣት እንደተጫነ ነበር፤ ለቀቅ አላደረገም።