ያለ ፈቃድ ከቦታው የለቀቀ ትከሻ

የሥራ አስኪያጁ የቀኝ ትከሻ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ምትክ፣ ከመደበኛ ቦታው መልቀቁን ለሚመለከታችሁም ለማይመለከታችሁም በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ባለትከሻው ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተቀምጦ ጀብዱውን ይተርካል። አድማጭ በተለወጠ ቁጥር ሊወድቅ የነበረው የፋይል ሸልፍ ይከብዳል። በር ላይ ለዘበኛው ሲነገር ወገብ ድረስ የነበረው ሸልፍ፣ አጥንት ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ጣራ ነክቷል።

«የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ መሬት ከሚበተን ብዬ በዚህች ትከሻዬ ደገፍኩት» አለ። «ያ የማይረባ ንብረት ክፍል ከግድግዳው ጋር አላሰረውም።»

«የማይረባው» የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከሥራ ታግዷል፤ ሰኞ ይሰናበታል። «በብሎን ነው ያሰርኩት እኮ፣ እታለም» ብሏት ነበር በስልክ። ማን ይይለት? ሸልፉ ያለበት የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተቆልፏል፤ ቁልፉም እሷ አልጋው አጠገብ ቆማ በታቀፈችው የባሏ ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

ዋና ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሊጠይቁት መጥተዋል። ለንብረት ሲል ትከሻውን የሰጠ ሰው ምክትላቸው ቢሆን ደስ እንደሚላቸው ተናግረው፣ ደም ማየት ስለማይወዱ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጡ። ደም እንደሌለ ቢነገራቸውም አልተነሱም።

ሰመመን ሰጪዋ መርፌዋን አዘጋጅታ ቀረበች።

«ጋሼ፣ ኬታሚን ነው የምሰጥዎት። እንደሌላው አያስተኛም። ሰውነትዎ እኛ ጋ ይቀራል፣ እርስዎ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ዓይንዎ እንደተገለጠ፣ ራስዎ እየተነፈሱ፣ ሕመሙ ግን አያገኝዎትም። እስቲ አሁን ደስ የሚል ነገር ያስቡ። ይዘውት የገቡት ነገር ነው እዚያ አብሮዎት የሚቆየው።»

«ሥራዬን አስባለሁ።»

«ሥራ? እስከዛሬ ሥራውን አስቦ ፈገግ እያለ የነቃልኝ ሰው የለም።»

«እኔ እንደ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ፣ ለኮቱ።

መድኃኒቱ ቀስ ተብሎ በደም ሥሩ ገባ። ዓይኑ እንደተገለጠ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቅ ጀመር። አጥንት ሐኪሙ የወለቀውን ክንድ መሳብ ሲጀምር ደህናው ግራ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ መዳፉን ዘረጋና በግርማ ሞገስ ለኮርኒሱ ሰላምታ ሰጠ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጭብጨባው ይበቃል።» ቀጥሎም፣ «እጅህን ከፍ አድርግ፣ ምክትል ዋና ዳይሬክተር። ከፍ… አሁንም ከፍ… መስታወቱ ውስጥ ይታይ… ወይኔ ትከሻዬ።»

ትከሻው ቀጭ ብሎ ገባ። አጥንት ሐኪሙ ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሚስትየው የኮቱን ኪስ ዳበሰች።

«ምን ማለቱ ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ ከወዲያ።

«በዚህ መድኃኒት የተወራ ወሬ ምስክርነት አይደለም» አለች ሰመመን ሰጪዋ። «ሰሞኑን አንዱ ባቡር ነኝ ብሎ ሲያፏጭብኝ ነበር። ባቡር አልነበረም።»

«እንዲያ በሉኛ፣ ሕልም ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። ሌላ ምክትል ከመፈለግ ሕልም ማለት ይቀላል። የሚስትየው ልብ ድብን አለ፤ የወንድሟ እንጀራ በቃ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ነቃ። ለሀጩ አገጩ ላይ ደርሷል፣ ግራ እጁ ግን እስካሁን ሕዝቡን አላሰናበተም። ዳይሬክተሩ መጋረጃውን ገልጠው ሳቅ እያሉ ገቡ።

«ጎበዝ፣ መስታወት ፊት ቆመህ ለማን ነበር እጅህን የምታውለበልበው?»

ቀልዳቸው ነው። «ሕልም ነው» ቢል አብረው ስቀው፣ ሹመቱን ፈርመው ይሄዱ ነበር። እሱ ግን ከአልጋው ቀና ብሎ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረዎት? በሩን ቆልፌው ነበር እኮ።»

 የዳይሬክተሩ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ ሚስትየው እጃቸውን ሲዘረጉ ቁልፉ ቀድሞ መዳፏ ላይ ነበር።

«ሸልፉን ሄጄ አየዋለሁ» አሉ። «ሸልፍ ሊወድቅበት የነበረ ሰው በር ቆልፎ መስታወት ፊት ምን ያደርጋል? እስቲ አስረዳኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አላስረዳም» አለ።