የነቢላ ትኩሳት

ዶክተር ሐመልማል ተምረው ወደ አሰላ ሲመለሱ፣ ከበሽተኛ ደም ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ላቦራቶሪ በአካባቢው አልነበረም። እሳቸው ጀመሩት። ባክቴሪያው የሚያድገው የበግ ደም በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ስለሆነ፣ ከግቢው ጀርባ ሁለት በጎች ያስራሉ። በየሳምንቱ ከአንገታቸው ጥቂት ደም ሲቀዱ ያየ ሁሉ "ዶክተርን ምን ነካቸው?" ይል ነበር። እኔ ትንቢት የላቦራቶሪ ረዳታቸው ነኝ፤ አብሬያቸው ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

አንድ ቀን ሁሴኖ የሚባል የአርቦዬ ገበሬ ሚስቱን ነቢላን ደግፎ መጣ። ነቢላ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ "ታይፎይድ ነው" ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። ትኩሳቱ ይሄድና ይመለሳል። ወገቧ አላስቀምጥ ብሏታል፤ ላቡ ልብሷን ያረጥበዋል።

"ዶክተር፣ እኛስ ደከመን" አለ ሁሴኖ። "ጎረቤቱ ጂኒ ነው ይለናል።"

"ጂኒም ከሆነ ጠርሙስ ውስጥ እናየዋለን" አሉ ዶክተር። ነቢላ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ደሟን ወስደን የበግ ደም ያለበት ምግብ ሳህን ላይ ዘርተን ማሞቂያው ውስጥ አስቀመጥነው። አምስት ቀን አለፈ፤ ምንም የለም። በደንቡ መሠረት የሚጣልበት ጊዜ ነበር። እኔም ላነሳው ስል ከለከሉኝ።

"ተዪው። ቶሎ የማይበቅልም አለ።"

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ክዳኑን ከፍተው ካዩ በኋላ ጠሩኝ። ሳህኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በማይክሮስኮፕ አዩ። ከዚያ ስልክ አነሱ።

"ሁሴኖ፣ ዘንድሮ ፍየል ጨንግፎባችኋል?"

"ሦስት። በምን አወቁ?"

"ወተቱንስ አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?"

"ኧረ ዶክተር፣ የፈላ ወተት ምን ጣዕም አለው!"

ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። "ብሩሴሎሲስ ነው። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገር። ከተከፈተ ሳህንም በትንፋሽ ይገባል። ከአሁን ወዲያ ይህን ሳህን አንቺ አትነኪውም።"

አዲስ አበባ ልከን አረጋገጥን። ነቢላ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ወሰደች፤ ትኩሳቱም ቀረ። ዶክተር ግን ሳህኑን በከፈቱ በወሩ ማላብ ጀመሩ። ክንዳቸውን ዘርግተው "ደም ቅጂ" አሉኝ። ቀዳሁ። እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው የትኩሳታቸውን ልክ ጠዋትና ማታ ይጽፉ ነበር። የእሳቸውም ደም ያንኑ ባክቴሪያ አበቀለ።

"ከእንግዲህ ሕመሙን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም" አሉ።

መድኃኒቱን እየወሰዱ፣ ጉልበታቸው ሳይጠና አርቦዬ ሄድን። ሁሴኖ ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ዶክተር ወተት ለምን መፍላት እንዳለበት በኦሮምኛ ያስረዱ ጀመር። እማማ ከዲጃ የሚባሉ አዛውንት አቋረጧቸው።

"እናቶቻችን ጥሬውን ጠጥተው ነው ያሳደጉን። እርስዎ ሳይመጡ በዚህ ማን ሞተ?"

"ስንቱ እንደሞተ አላውቅም፣ እማማ" አሉ ዶክተር። "የመዘገበ የለምና። ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ግን በየቤቱ የለም?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ነቢላ ተነሳች።

"አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ጠየቃችሁኝ። ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ። እኔ አፈላለሁ፤ የወደደ ይከተለኝ።"

በዚያ ዓመት የተከተሏት ዘጠኝ ቤቶች ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሠላሳ በለጡ። እማማ ከዲጃ እስከ ዛሬ ጥሬውን ይጠጣሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ግን ያፈላሉ አሉ። "ታይፎይድ" ከተባሉ አርባ በሽተኞች ዶክተር በዐሥራ አንዱ ያንን ባክቴሪያ አገኙ። አሁን ከአቦምሳም ከጮሌም የደም ናሙና ይላክልናል፤ አንዱንም በአምስተኛው ቀን አንጥልም።