አንዴ የተነፋ ጥሩምባ

ጎረቤታችን ትሁን የትራክተር መካኒክ ነው። ክረምት ሲገባ እሱን ለማግኘት ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ ካንዱ እርሻ ወደ ሌላው መከተል ያስፈልጋል። በጋ ሲሆን ግን ትራክተሮቹም ያርፋሉ፣ እሱም እጁን ታጥቦ ፊልም ይሠራል። በጋውን ቢተኛበት ለሁላችንም ጤና ነበር።

የዘንድሮው ፊልሙ «ሟቹ አልተመቸውም» ይባላል። ድንቁ የሚባል የሰሊጥ ባለሀብት ይሞታል፤ ሊቀብሩት ሲሉ ተነስቶ በዘፈን ማማረር ይጀምራል። አልጋው ጎርብጦታል፣ ለቀስተኛው ስልክ ይነካካል፣ ሚስቱ ቶሎ ቶሎ ሰዓት ታያለች። ሚስቱ እኔ ነኝ።

«ትሁን ልጄ፣» አልኩት ሲያነብልኝ፣ «ይኼ የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያስለቅስ?»

«ሁለቱም ነው፣ እትዬ የትናየት።»

«ባንድ ጊዜ?»

«ባንድ ጊዜ። በዚያ ላይ ይዘፈንበታል።»

ካሜራው የገዛ ስልኩ ነው። ስልኩ የሚቆምበትን ዘንግ ከተጣለ የውሃ ቱቦ ራሱ በየደው። መብራት አላስፈለገም፤ የኛ ቆላ ፀሐይ ቆጥባ አታውቅም። ሙዚቃውን የያዘው ኡመይር ነው። ኡመይር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሠርግ ሲያጫውት የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ ማዶ ጦርነት ሲመጣ ኪቦርዱን ባንሶላ አዝሎ በገላባት በኩል ተሻገረ። «ልብሱን ትቶ ኪቦርድ ተሸክሞ የሚሰደድ ሰው አንተን አየሁ» ብዬ ሳሾፍበት፣ «ልብስ እዚህም አለ» አለኝ።

ችግሩ ሟች ማግኘት ነበር። በኛ ሰፈር ለቀልድ ሞቶ መተኛት ሞትን በስሙ እንደመጥራት ነው። ትሁን የለመነው ሁሉ አማትቦ ሸሸው። በመጨረሻ እሺ ያሉት አያ ፈረደ ብቻ ናቸው። አያ ፈረደ በልጅነታቸው ለሰሊጥ አረም ከጎጃም ወርደው እዚሁ የቀሩ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ቆየች፤ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም።

«አይፈሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን እፈራለሁ? እስቲ ልለማመደው።»

ቀረጻው በሳቸው ግቢ ሆነ። አልጋቸውን ከኒም ዛፉ ሥር አወጣን፣ ነጭ አንሶላ አለበስናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እውነት ለመናገር ሲያዩዋቸው ያስደነግጣሉ። አልፎ አልፎ አፍንጫቸው ላይ የምታርፈዋን ዝንብ እፍ ባይሏት ኖሮ እኔም ባለቀስኩ።

«አያ ፈረደ፣ ሬሳ እፍ አይልም!» ይላል ትሁን።

«ዝንቧን ንገራት።»

ትሁን እንግዲህ ነገር ሁሉ እውነተኛ እንዲሆን ይወዳል፤ እውነተኛ ነገር ርካሽ ነው ይላል። ስለዚህ የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ቢያድግልኝንና አልቃሿን እማማ አሰበችን ለምኖ አመጣ። ቢያድግልኝ ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም እየጠራ ከተማውን የሚዞር ሰው ነው። ትሁን «ከዛፉ እስከ አጥሩ በር ድረስ ብቻ ነፍተህ 'አቶ ድንቁ አረፉ' በል» አለው።

«ድንቁ የማን ልጅ ነው?» አለ ቢያድግልኝ።

«የማንም። ፊልም ነው።»

«የየት ሰፈር ነው?»

«ወንድሜ፣ የለም ሰውየው!»

ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩምባውን አፉ ላይ ደገነ፣ ነፋ። ከዚያ አፉን ሲከፍት ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ፤ ያን ሁሉ ዓመት የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። «አያ ፈረደ አርፈዋልና የእድር አባል የሆንክ!» እያለ በሩን አልፎ ሄደ። ትሁን ስልኩን ወደ እማማ አሰበች ስላዞረ ልብ አላለውም። እኛም ከበሩ ወዲያ ዞር ብሎ የሚመለስ መስሎን ነበር። ለካ ቢያድግልኝ ጥሩምባን በግማሽ መንገድ አቁሞ አያውቅም፤ ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ የሰሊጥ መጋዘኖቹን አዳርሶ ነው የተመለሰው።

እማማ አሰበችም ከሱ አልተሻሉም። «ያልኖረን ሰው ምን ብዬ አለቅሰዋለሁ? የሠራውን አላውቅ፣ የወለደውን አላውቅ» አሉና ለድንቁ ያለውን ትተው ለአያ ፈረደ አወረዱት፦

ብቻውን መጥቶ ብቻውን አርሶ፣
ብቻውን ሊሄድ ነው ቆላውን አልብሶ።

ኡመይር ከሥር በኪቦርዱ የገዳሪፍ ሠርግ ምት አገባበት። አማርኛው ገና ስለሆነ፣ ትሁንን «ይጨፈራል ወይስ ይለቀሳል?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «ሁለቱም» ሲባል በዓረብኛው «ጠይብ»፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ እግራችን ሊረግጥ፣ ዓይናችን ሊያነባ ተሻማ።

በዚህ መሃል ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ከዚያ የእድሩ ድንኳን በጋሪ ተጭኖ መጣ፣ ወጣቶቹ ሳይጠይቁ ይተክሉት ጀመር። ድስት መጣ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ። እኔ «ትሁን! ትሁን!» እላለሁ፤ እሱ ስልኩን እያሽከረከረ «እትዬ፣ ዝም ይበሉ፣ ድንኳን በነጻ!» ይላል። አያ ፈረደ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ጫፍ፣ «ይኼ ልጅ ስንቱን ሰው ቀጠረው?» ይሉኛል።

ከሁሉ ኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረማርያም ገቡ። እሳቸውና አያ ፈረደ የእርሻ ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ ክረምት የትራክተር ሾፌር መስመር ስቶ አንዱን ማሳ ወደ ሌላው ካረሰው ወዲህ፣ በድንበሩ ሰላምታ ተነፋፍገው ሽማግሌ ሲያደክሙ ኖረዋል። አቶ ገብረማርያም አልጋው ጋ ሲደርሱ ዱላቸውን ጣሉ። ተንበረከኩ። እኔ እኚህን ሰው ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ፈረደ! ሳንታረቅ? አንተ ሰውዬ፣ ሳንታረቅ! ድንበሩ ይቅርብኝ፣ ውሰደው፣ ብቻ ተነስ!»

አያ ፈረደ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ድንበሩ ይቅርብኝ ያለውን ሰምታችኋል?»

ኡመይር ሟቹ ሲነሳ ዘፈኑ እንዲጀመር ታዝዟልና ጀመረ። አያ ፈረደም ዘፈኑን አጥብቀው የተለማመዱ ሰው ናቸውና እጃቸውን ዘርግተው ቀጠሉ፦

አልጋው ጎረበጠኝ፣ ትራሱ ዝቅ አለ፣
ሞቼም አልተመቸኝ፣ ደህና አልጋ የለ።
ቀስ ብላችሁ ያዙኝ፣ ምነው መጣደፉ፣
ንፍሮ ሊቀርብ ነው ወይ እንዲህ መሰለፉ?

ግማሹ «በስመአብ!» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን ለቀው ድንኳኑ ሴቶቹ ላይ ወረደ። ከድንኳኑ ሥር አንዷ እልል አለች፤ ለምን እልል እንዳለች ዛሬም አታውቀውም። ትሁን መቅረጹን አላቆመም። ይኼ ልጅ የምድር መንቀጥቀጥ ቢመጣ «አንዴ እንደገና» የሚለው ይመስለኛል።

ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በማግሥቱ እድሩ ተሰበሰበ። ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቷል፤ መተማ ዮሐንስ ያለ የእድሩ አባል ሳይቀር ተሳፍሮ ደርሷል። አቶ ገብረማርያም ፊታቸውን አኮሳትረው ፈረዱ፦ «ጥሩምባ ላንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚነፋ። የፈረደ ተነፍቷል። የእውነቱ ሲመጣ አይነፋም። ያ ፊልም ከነምናምኑ ከጠፋ ግን ነገሩን መልሰን እናየዋለን።»

ማንም አልሳቀም። በኛ አገር ጥሩምባ ያልተነፋለት ሰው እንዴት እንደሚቀበር ሁሉም ያውቃል፤ ያጋጠመ ሰው ይሸኘዋል፣ ያላጋጠመም ሳይሰማ ይውላል።

አያ ፈረደ ሰውነታቸው ቀነሰ። ጎመን ላቀብላቸው ብዬ ባጥሩ ብጠራቸው አልወሰዱትም።

«የትናየት፣» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ አገር እናት አባት የለኝ፣ የሚጠራኝ ልጅ የለኝ። የዚያን ቀን ስሜን በየደጁ የምትጠራልኝ ያቺ ጥሩምባ ብቻ ናት። እሷ ከሌለች ሞትኩ አይባልም፤ ጠፋሁ ነው።»

«ታዲያ ፊልሙ ይጥፋ እንጂ፤ ትሁን እንደሆነ እሺ ብሏል።»

እውነቴን ነው፤ ልጁ ስልኩን ይዞ እዚያው ቆሞ ነበር። «አጠፋዋለሁ፣ አያ። ክረምቱን ሙሉ ትራክተር ሥር ሆኜ ያሰብኩት ነው፤ ግን ከርስዎ አይበልጥም» አለ። ድምፁ እንደ ናፍጣ ያለቀበት ሞተር ነበር።

«ገብረማርያም ሲያለቅስ ሰምታችሁታል?» አሉ አያ ፈረደ።

«ሰምተናል።»

«እሱንስ ከጠፋ የት አገኘዋለሁ?» ዱላቸውን አነሱ። «ሂድና ንገራቸው። ሳያዩት አይጠፋም። ካዩት በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድርተኛው በሳጂድ ቪዲዮ ቤት ተሰበሰበ። ኳስ የሚታይበት ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ያቃጥላል፣ ማራገቢያው ከመዞር መጮህ ይቀናዋል። አቶ ገብረማርያም ከፊት ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ከጎናቸው። አያ ፈረደ ከኋላ በሩ ጋ ቆሙ፣ እንዳይወጡም እንዳይገቡም ሆነው።

ፊልሙ ጀመረ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ያላየነው ጉድ አለ! ባለሀብት የተባለው ሟች ቤቱ የአያ ፈረደ የሣር ጎጆ ነው። ሚስቱ፣ ማለትም እኔ፣ ባንዱ ትዕይንት በቀይ ሻሽ ገብቼ በጥቁር እወጣለሁ። ለቅሶው መሃል አንድ ባጃጅ ጡሩሩ ይላል፣ አንድ ዶሮ ሬሳው ሥር አረፍ ትላለች። የከተማ ፊልም አይቻለሁ፤ ሶፋው ያማረ፣ እንባውም ያማረ ነው። ያን ሳይ ዝም ብዬ ነው የምወጣ። ይኼን ሳይ ግን ዝንቧ መጥታ አያ ፈረደ «እፍ» ሲሏት ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኛ ለቅሶ አልጠፋብንም፤ ያለፉትን ዓመታት ነጠላችን ከመዘቅዘቅ አልቀና ብሏል። ለሞት ገብተን፣ ንፍሮ ቆርጥመን፣ ዝም ብለን ነበር የምንመለስ። ሬሳ ተነስቶ ስለ ትራሱ ሲዘፍን ግን አንድ የታፈነ ነገር ከደረታችን ወጣ መሰለኝ፤ አጠገቤ ያለችው ባሏን ያጣች ሴት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ትስቅ ነበር።

ከዚያ አቶ ገብረማርያም ስክሪኑ ላይ ገቡ። ዱላቸውን ጣሉ። ተንበረከኩ። «ድንበሩ ይቅርብኝ፣ ውሰደው፣ ብቻ ተነስ!»

ቤቱ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው አስታውሶ አፉን ያዘ። እውነተኛው ገብረማርያም ተነስተው ቆሙ። ሳጂድ ፊልሙን አቆመ። ማራገቢያው ብቻ ይንጫጫል።

«መልሰው» አሉ።

ሳጂድ መለሰው። እንደቆሙ አዩት።

«አንዴ ደግሞ።»

አሁንም አዩት። ከዚያ ዞር ብለው በሩ ጋ አያ ፈረደን ፈለጉ።

«እንዲህ ነበር እንዴ ያለቀስኩልህ?»

«እኔ ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር፤ ሰማሁ እንጂ አላየሁም» አሉ አያ ፈረደ። «ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ለናቴም እንዲህ አላለቀስኩ። ለሚስቴ ቢሆን ይኼን ያህል አላለቅስ።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሚስታቸው ከኋላ ወንበር።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ገብረማርያም መጀመሪያ ሊቆጡ ሞከሩ፣ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አድምጡ። ይኼን ፊልም ያጠፋ ሰው የኔን እንባ ነው የሚያጠፋ። አይጠፋም። የፈረደም ጥሩምባ፣ ያ የተነፋው ለድንቁ ነው ተብሎ ይያዝ። ቢያድግልኝ ስም ተሳሳተ፣ አለቀ። የፈረደ ገና በቦታው አለ። የሚቃወም?»

«ድንበሩስ?» አለ አንድ ተንኮለኛ።

«በለቅሶ የተባለ አይያዝም!» አሉ አቶ ገብረማርያም ቀልጠፍ ብለው።

«አይያዝ፤ ይውሰደው» አሉ አያ ፈረደ። «ጥሩምባዬን ከመለሰ ያን ጥጋጥግ እንኳን እሱ ትራክተሩም ይውሰደው።»

«አልወስድም! እንካፈላለን እንጂ፤ ለማኝ አደረግከኝ?» ብለው ተቆጡ አቶ ገብረማርያም፤ ግን ንዴቱ አንጀት አልነበረውም። አያ ፈረደ ከበሩ ለቀው መጡ። አቶ ገብረማርያም ወንበራቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

ትሁን «እንቀጥል?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞሯል። ሳጂድ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ደጅ የቀረው ሰው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል፣ ኡመይር ከጥግ ሆኖ ምቱን በጉልበቱ ይመታል።

ስክሪኑ ላይ አያ ፈረደ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። እማማ አሰበች ሙሿቸውን አወረዱ። አቶ ገብረማርያም በክርናቸው ጎረቤታቸውን እየጎሸሙ ላካባቢው ሁሉ ያውጃሉ፦

«አሁን እኔ ነኝ የምመጣ! እዩት፣ አሁን ነው፣ በዚያ በር ነው የምገባ!»

«ዝም በል እንጂ፣» አሉ አያ ፈረደ ዓይናቸውን ከራሳቸው ሬሳ ሳይነቅሉ፣ «በሰላም ልሙትበት።»