መቶ አራት ዓመት የዘገየ መርዶ

አድማሴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። ልጁ ሊባኖስ ወዳለችበት ወደ አምስተርዳም መጥቶም ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ቁጭ ማለት ግን አልሆነለትም። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ የባቡሩ ቅናሽ የሚጀምርበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ዴን ሃግ ከተማ ይወርዳል። የሚሄደው የሊባኖስን አማት ሽማግሌውን ሄንክን ሊጠይቅ ነው።

ሄንክ ሰማንያ አራት ሞልቶታል፤ ልቡ ደክሞ የአረጋውያን መኖሪያ ገብቷል። ሁለቱ ዳማ ይጫወታሉ። ሄንክ ሲሸነፍ «ይሄ የኢትዮጵያ ሕግ ነው» ብሎ ያኮርፋል። አድማሴ «ጋሽ ሄንክ» ነው የሚለው፤ ሄንክም ቃሉ ማዕረግ መሆኑ ከገባው ወዲህ ያለ እሱ ሲጠሩት አይሰማም።

አንድ ሐሙስ ሄንክ ዳማውን ገፋ አደረገው።

«አድማሴ፣ አንተ እኮ ሥራ ፈት ነህ።»

«እርስዎስ ምን ይዘዋል?»

«እኔማ መሞት ይዣለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። «አያቴን ፈልግልኝ።»

አያቱ ቮይቼህ ዱዴክ የሚባል የፖላንድ ገበሬ ነበር። በፈረንጆቹ 1907 ሚስቱን ማሪያናንና የሁለት ዓመት ወንድ ልጁን ስታኒስላቭን ይዞ አሜሪካ ሊሻገር ሮተርዳም ወደብ ደረሰ። የመርከቡ ሐኪም የሚስቱን ዓይን ገልጦ አየና «የዓይን ማዝ አለባት፤ አትሳፈርም» አለ። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ የሚያውቀው፣ እናት ልጇን «አባትህ በመርከብ ሄደ» እንዳለችው ብቻ ነው። ልጁ፣ ማለትም የሄንክ አባት፣ እስኪጎረምስ ወደብ ላይ እየቆመ ጠበቀው። ከጎረመሰ በኋላ ደግሞ እስኪሞት ረገመው።

«አሜሪካ ማንን እንዳገባ፣ ስንት እንደወለደ ልወቅ» አለ ሄንክ። «እኛን በማን እንደለወጠን ልወቅና ልሙት።»

«ልጅዎ ባስ ሁለት ዓመት በኮምፒዩተር ፈልጎ አጣው አይደል እንዴ?»

«ልጄ ሥራ አለው። አንተ ደግሞ ግትር ነህ፤ በዳማ አይቼሃለሁ።» ከመሳቢያው አንዲት የነተበች ወረቀት አወጣለት፤ የአያቱ የክርስትና ወረቀት ናት።

አድማሴ ሮተርዳም ወዳለው የመዛግብት ቤት ተመላለሰ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጅም ሴትዮ ኮምፒዩተሩን አሳየችው። ዱዴክ ሲል በ1907 አንዲት መስመር ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ገለበጠ፤ እዚያም የለም።

በሦስተኛው ቀን እንደ አገሩ ሰው አሰበ። እኛ ሰው ስንፈልግ በገዛ ስሙ አይደል የምንፈልገው? ሁለተኛው የአባቱ ነው፤ አባቱን ማን ፈለገ? የቤተሰብ ስም የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ «ቮይቼህ» ብቻ ጻፈ።

ሴትዮዋ ከኋላው አየችው። «ጌታዬ፣ እዚህ አገር በዚህ አይፈለግም። ፒተር ብለው ቢጽፉ እኮ የሮተርዳም ሕዝብ በሙሉ ይመጣብዎታል።»

«ፒተርን መቼ ፈለግሁ?»

ሰባት ቮይቼሆች መጡ። አራተኛው ላይ አድማሴ ብድግ አለ። ቮይቼህ ማቼይ፣ ገበሬ፣ ሚስቱ ማሪያና፣ ልጁ ስታኒስላቭ፤ የተወለዱበት መንደርም ያው።

«ማቼይ ሌላ ቤተሰብ ነው» አለች።

«ማቼይማ አባቱ ነው!» የክርስትና ወረቀቷን ዘረጋላት፤ «ቮይቼህ፣ የማቼይ ልጅ» ትላለች። «ጸሐፊው የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም መስሎት ነው። እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ። ልጄን ትምህርት ቤት በአያቷ ስም እየጠሩ ነው ያሳደጓት።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አጠለቀች። ሄዳ አንድ ሳጥን ይዛ መጣች፤ ውስጡ በዚያ ዘመን ፖሊስ የውጭ አገር ሰዎችን የመዘገበበት ደብተር ነበረ። የተንጋደደውን ጽሕፈት ቀስ እያለች አነበበችለት፦ «የሰውየው ትኬት የጸና ነው። ብቻውን እንዲሳፈር ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ያለ ሚስቴ አልሄድም ብሎ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ። ዴን ሃግ አጠገብ የአትክልት እርሻ ላይ ሥራ አግኝቷል።»

አድማሴ እንደገና አስነበባት። እሷም አልሰለቸችም።

በማግስቱ ዴን ሃግ መዛግብት ቤት ገባ። አዲሱን ስም ከያዘ ወዲያ መንገዱ ቀና። ቮይቼህ ማንም ያልፈለገውን ረግረግ ተከራየ፤ በአካፋ ብቻ ቦይ እየቀደደ ውሃውን አሸሸው። የመንደሩ ሹማምንት በሁለተኛው ዓመት ሄደው አዩና በቃለ ጉባኤያቸው ላይ «ያ ፖላንዳዊ እዚያ መሬት ላይ ጎመን አብቅሏል፤ እኛም ረግጠነው አልሰመጥንም» ብለው ጻፉ። አድማሴ አንባቢው ሁሉ አንገቱን ቀና እስኪያደርግ ሳቀ። ውሃን ከመሬት ማባረርን ለደች ማስተማር! ምን ዓይነት ወንድ ነው!

ገጹን ሲገልጥ ሳቁ ጠፋ። የካቲት 1910። ቮይቼህ ማቼይ፣ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ በሳንባ ምች ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ማሪያናም ሞታለች። ልጁን የተቀበለው የሮተርዳም የሙት ልጆች ቤት ከእጁ ላይ የክርስትና ወረቀቷን አግኝቶ ዱዴክ ብሎ መዘገበው፤ የአባቱ ሞት ግን ማቼይ በሚለው ስም ስር ተኝቶ ቀረ።

አድማሴ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሁለት ትራም አለፈው። እናቲቱ «ሄደ» አለች እንጂ «ተወን» አላለችም። ልጁ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። እስኪጠና ሸሽጋው ኖሯል፤ በኋላ ልትነግረው። ሳትነግረው ሞተች።

ማታ ኒው ዌስት ነገሩን ለሚስቱ ለይመኙሻልና ለሊባኖስ አጫወታቸው።

«አባዬ፣ በል አሁኑኑ ደውልለት!» አለች ሊባኖስ። «ወረቀቱንም ፎቶ አንስተህ ላክለት።»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» ይመኙሻል ተቆጣች። «መርዶ በስልክ?»

«እማዬ፣ ሰውየው ከሞተ እኮ መቶ ዓመት አልፎታል!»

«ለሄንክ ገና ነገ ነው የሚሞተው። በማለዳ፣ ሰው ሆነን ነው የምንሄደው። አንቺም ጥቁር ልበሺ።»

ከንጋቱ በአሥራ አንድ ተኩል ባቡር ሄዱ። ይመኙሻል ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃለች። የመኖሪያው ነርስ በሩ ላይ አስቆመቻቸው።

«ጠያቂ የሚገባው ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው።»

«ሰው ሞቶበታል» አላት አድማሴ።

«ውይ! መቼ?»

አድማሴ ሊዋሽ አልፈለገም። «እኛ የሰማነው ትናንት ነው።»

በሩን ለቀቀችላቸው።

ሄንክ ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች አልጋው ዙሪያ ሲቆሙ ዓይኑን ገለጠ። «ምነው፣ እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

ማንም አልሳቀም። አድማሴ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ያዘው።

«ጋሽ ሄንክ፣ አያትዎ አርፈዋል።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ሁለት መቶ ዓመት ይኖራል እንዴ?»

«አሜሪካ አልሄዱም። እዚሁ ነው ያረፉት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ሚስታቸውን ሲያስታምሙ፣ ለልጃቸው ረግረግ አድርቀው ጎመን ሲያበቅሉ። ብቻዎን ይሳፈሩ ቢባሉ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ። ልጁ ትንሽ ነበርና እናቱ ሸሸገችው።»

ሄንክ ከትራሱ ቀና አለ።

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ያኔ አለቀሰ፤ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ አምስት ዓመት ልጅ። ይመኙሻል ደረቷን መታ መታ እያደረገች አብራው አለቀሰች። ሊባኖስም፣ በስልክ ይበቃል ያለችው ልጅ፣ የአማቷን ራስ አቅፋ ከሁሉም አብልጣ አነባች። ነርሷ ቁርስ ይዛ መጥታ ከበሩ ተመለሰች።

ሲበርድለት ሄንክ ብርድ ልብሱን ገፈፈ።

«ጫማዬን ስጡኝ።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«አባቴ የተቀበረው እዚሁ ዴን ሃግ ነው። ሲረግመው ነው የሞተው፤ እሱም አልሰማም።» የአድማሴን ክንድ ጨብጦ ተነሣ። «አንተ ትነግረዋለህ። አነጋገሩን ታውቅበታለህ።»

ይመኙሻል ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀችለት። ሊባኖስ ተሽከርካሪ ወንበሩን ልታመጣ ወጣች። አድማሴ ካፖርቱን ይዞለት ቆመ፤ ሄንክም አንድ እጁን አግብቶ ሌላውን እየፈለገ «ጎመን ነው ያልከኝ?» አለ።

«ጎመን። የመንደሩ ሹማምንት መሬቱን ረግጠውት አልሰመጡም።»

«ይሄንንም ንገረው» አለ ሄንክ። «ከሁሉ ይሄንን ይወደዋል።»