የእትዬ አሰፋሽ ምስክር

«አሞጽ! ኧረ አሞጽ! ድረስልኝ ወንድሜ!»

አሞጽ ከተነሳ ቆይቷል። ጫማውን አጥልቆ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ሳሎኑ መሀል ተገትሮ ነበር። የግቢውን ቆርቆሮ በር የምትደበድበው ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ምን ፈልጋ እንደመጣችም ያውቃል። ሚስቱ ሣራ ከጓዳ ወጥታ ክንዱን ያዘችው።

«አብረኸኝ ሂድ ካለችህ ሂድ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን አፍህን ያዝ። ካሌብን አስብ።»

ካሌብ በዚያ ሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ እያንኮራፋ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰ ዓመት ሞላው። ቁመቱ ከአባቱ በልጦ፣ ሥራ አጥቶ፣ ቀኑን ኳስ ሲያይ ይውላል። ለእናትና ለአባቱ ግን ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጦርነቱ ያለው ሰሜን ነው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ላይ አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ ባጃጁ ይሮጣል፣ ሙዙ ይጫናል፣ ሠርጉም ይሠረጋል። የመጣው ፍርሃቱ ብቻ ነበር፤ እሱም በስም ዝርዝር መጣ። ሰኞ ዕለት ወጣት ያለው አባወራ ሁሉ በየተራ ቀበሌ ተጠርቶ፣ ልጁን ለዘመቻ በፈቃዱ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ፈቃድ ሲባል ለስሙ ነው። ለአሞጽ ተራው ሲደርስ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ቀና ሳይል «ልጅህን፣ ወይም ሌላ የምትጠቁመው ካለ» አለው። አሞጽ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በየእሁዱ ስለ ባልንጀራ ፍቅር የሚያስተምር ሰው ነው። ያን ጊዜ ግን አንድም ጥቅስ ትዝ አላለውም። «ከጎረቤቴ ቤት አንድ ወጣት አለ» አለ። «ከሰሜን የመጣ ነው። እዚህ መታወቂያ የለውም።» ከራስ በላይ ነፋስ ብሎ ወጣ።

የጠቆመው የእትዬ አሰፋሽን የወንድም ልጅ ሽመክትን ነው። ሽመክት ቤቱ በከባድ መሣሪያ ፈርሶበት፣ አባቱን ቀብሮ፣ አክስቱን ብሎ አርባ ምንጭ ከገባ ዐሥር ወሩ ነው። ጫኖ ወደሚባለው የሙዝ እርሻ መንደር እየወረደ ሙዝ በመጫን ይኖራል። የባጃጅ ጎማ በፈነዳ ቁጥር መሬት ላይ ይተኛል፤ ከዚያ አፍሮ ልብሱን እያራገፈ ይነሳል።

በሩን ሲከፍትላት አሰፋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የላስቲክ ከረጢት ታቅፋ ቆማለች። ለሠላሳ ዓመት ያስተማረችበት ያ ቀጥ ያለ ትከሻዋ ዛሬ ጎብጧል።

«ምነው እትዬ? ምን ሆኑ?» አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ሽመክትን አልመለሱትማ። ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል ያሉህ ውሸት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በአውቶብስ ሊወስዱት ነው።»

ትናንት አመሻሹ ላይ ታጣቂዎች ሊወስዱት ሲመጡ ሽመክት አጥሩን ዘሎ የሸሸው ወደ አሞጽ ግቢ ነበር። የከብቶቹ በረት ገብቶ «ጋሼ አሞጽ፣ ደብቁኝ» አለ። አሞጽም እጁን ይዞ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ለጥያቄ ብቻ ነው» እያለ፣ ራሱ መርቶ አውጥቶ ሰጣቸው። ልጁ እጁን አጥብቆ እንደያዘ ነበር የሄደው፤ ማስለቀቅ የነበረበት አሞጽ ነው።

«አንተማ ምን ታደርግ» አለች አሰፋሽ፣ ፊቱን አይታ ያዘነላት መስሏት። «አታለሉህ። አሁን ግን ና ምስክር ሁነኝ። እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፤ አንተ ያገሩ ልጅ ነህ። አባትህ በኦቾሎ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ቃልህ ይሰማል።»

 አሞጽ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተከተላት።

ባጃጁ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከረጢቱን ጭኗ ላይ ፈታ አሳየችው። ሹራብ ነው፤ ሥሩ የተጠቀለለ ቆሎ አለ። «ከወሰዱትም ብርድ ነው፤ ያን አገር አውቀዋለሁ» አለች። ሹራቡ የሟች ባሏ ነው፤ እጅጌው ረዝሞ ስለነበር ሌሊቱን አሳጥራዋለች። አሞጽ አንገቱን ወደ ውጭ አዞረ። ታች አባያ ሐይቅ እንደ ወትሮው ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። በልቡ መጸለይ ሞከረ። ምን ብሎ ይጸልይ? ሽመክት ይፈታ ቢል ካሌብ ሊገባ ነው። ካሌብ ይትረፍ ቢል ይቺ ሴት አጠገቡ ተቀምጣለች። ጸሎቱን እንደጀመረ ተወው።

ወጣቶቹ የታጎሩት በአንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ነው። ከበሩ ውጭ እናቶች ተኮልኩለዋል፤ የሚያለቅስ የለም፤ ያለቀሰችው እንድትሄድ ትደረጋለች ተብሏል። አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። በሩን የሚጠብቀው አንድ ወጣት ታጣቂ ነው፤ በአነጋገሩ የጋሞ ደጋ፣ የገረሴ ልጅ መሆኑን አሞጽ ወዲያው ለየ። ታጣቂው አስተባባሪውን ጠራላቸው።

አስተባባሪው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ክፉም ደግም የማይመስል ሰው ነበር። አሰፋሽ ስለ ፈረሰው ቤት፣ ስለ ተቀበረው ወንድሟ፣ ልጁ ድምፅ ሲሰማ ስለሚሆነው ሁሉ ነገረችው። ሰውየው አስጨርሷት ወረቀቱን ገለጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ልጅ የገባው በሰው ምትክ ነው። የጠቆመው የገዛ ጎረቤታችሁ ነው። ጎረቤታችሁ እዚህ ቀርቦ ቃሉን ካነሳ ልጁን አሁኑኑ እለቀዋለሁ። ያኔ ግን የራሱ ልጅ ይገባል። ቁጥር ማጉደል አልችልም።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ስም አንናገርም።»

አሰፋሽ ወደ አሞጽ ዞረች። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለው ነበር፤ የነበረው ግራ መጋባት ብቻ ነው። «ማን ይሆን አሞጽ? ሽመክት የማንን በላ? የማንን ነካ?»

«እንጃ» አለ።

«ጌዲዮን ይሆን እንዴ? እሱም ሁለት የደረሱ ልጆች አሉት።»

ጌዲዮን ሰው ሞቶ የመቃብር ጉድጓድ ሲቆፈር ቀድሞ የሚደርስ፣ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው። አሞጽ ይህን ማለት ይችል ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

የተናገረውን በጆሮው ሲሰማው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ሸጠ፤ ዛሬ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ሁለተኛ ጨመረ። የመጀመሪያውን በፍርሃት አደረገው እንበል። ሁለተኛው ግን እንደ ልማድ ቀሎት ነው የወጣው፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

አስተባባሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ አውቶብሱ መራመድ ጀመረ። የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጡ ጀመር። ይኼኔ አሰፋሽ ከረጢቷን ጥላ ወደ ቦዩ ሮጠች። ጎንበስ ብላ ውኃ የነካውን ለምለም ሳር በሁለት እጇ ነጨች፤ ተመልሳ መጥታም ከአውቶብሱ በር ፊት፣ አቧራው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ሳሩን ወደ ፊት ዘረጋች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማው ሲታመስ፣ የጋሞ አባቶች እንዲህ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው፣ በቁጣ የሚመጣውን ወጣት ሲመልሱ በመስኮቷ አይታለች። ያን ቀን የተረፈው ቤት የእሷም ነበር። ይህ የሽማግሌዎች ሥራ እንደሆነ፣ ሴት ብቻዋን እንደማታደርገው የነገራት የለም። የሌላውን አገር ወግ ከመስኮት ያየ ሰው እንደሚያደርገው አደረገችው።

አስተባባሪው ምን እንደሆነ ስላልገባው ዞሯት ሊያልፍ ሲል፣ የገረሴው ልጅ መሣሪያውን ወደ መሬት ደፍቶ በመሀል ቆመ። «አይታለፍም ጌታዬ» አለ። «በእኛ ዘንድ ሳር የያዘ አይታለፍም። ጎሜ ነው፤ ዘር ማንዘር የሚያጠፋ ነውር ነው።» ከዚያ ወደ አሞጽ ዞሮ በጋሞኛ፣ እያፈረ፣ ግን ጠንከር ብሎ ተናገረው።

«አባዬ፣ እርስዎ ምን ይቆማሉ? እሷ እንግዳ ናት። ይሄ የእርስዎ ነበር።»

ሰው ሁሉ አየው። አባቱ ይሉት የነበረው ትዝ አለው። እጁ ያልጸዳ ሰው ሳር ይዞ አይንበረከክም፤ መጀመሪያ ያለበትን በሰው ፊት ይናገራል፤ ከዚያ ነው ጉልበቱ መሬት የሚነካው። አሞጽ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ይህን ሁሉ የድሮ ሰዎች ነገር ነው ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ግን ከእሱ ቤተ ክርስቲያንም፣ ከአባቱ አደባባይም የሚያስጠጋው አልነበረም። ካሌብ ተኝቶ ታየው። አፉን ከፍቶ፣ አንድ እግሩ ከአልጋው ወጥቶ። ከሚወጡት ወጣቶች መካከል ሽመክት ነበር፤ አሞጽን ሲያይ ሊያስፈታው የመጣ መስሎት እጁን አነሳለት።

አሞጽ ወደ አሰፋሽ ሄደ። አጠገቧ አቧራው ላይ ተንበረከከ። 

አሰፋሽ ሊያግዛት የመጣ መስሏት ፊቷ በራ። «እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» እያለች የያዘችውን ሳር ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን መዳፉ ላይ አደረገችለት። ሳሩ እርጥብ ነበር፤ ሥሩ ላይ ጭቃ አለ።

አሞጽ ሳሩን ይዞ በጉልበቱ ዞረ። ጀርባውን ለአስተባባሪው፣ ፊቱን ለእሷ ሰጠ። ሁለት እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ወዲያ ነው እንጂ አሞጽ» አለች አሰፋሽ፣ በእጇ አውቶብሱን እያሳየችው። «ወደ እነሱ ዙር እንጂ። እኔን ምን ትለምነኛለህ?»

አሞጽ አልዞረም። አየር ላይ የነበረው የአሰፋሽ እጅ ቀስ እያለ ወረደ።