ለአቶ ይርሳው የታዘዘ ኮሶ

ይርሳው በ1951 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ አሰላ ሲመጣ ጉንጩ የሞላ፣ ቦርጩ ከቀበቶው ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ያንኑ ቀበቶ በምስማር ሦስት ቦታ በስቶታል። እሱ መዝገብ ያዥ፣ እኔ ከጎኑ ደብዳቤ አርቃቂ ነበርን። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ የማወራው ጅልነት የሁላችንም ነውና፣ ይልቁንም የእኔ።

በእኛ ቢሮ «ከሳህ» ማለት ከእግዜር ይስጥልኝ አይለይም፤ ማንም ለማንም ይለዋል። የይርሳው ግን ጠና። ፋይል ከመደርደሪያ ሲያወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። የክፍሉ ሹም አቶ ገብረ መድህን አስጠሩትና «እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልጠናህ በሕመም ምክንያት እንድትሰናበት እጽፋለሁ» አሉት። የሚመለስበት ቤት አልነበረውም። እናት አባቱ ሞተዋል፣ ሚስቱም ጥላው ሄዳለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አውቀንም ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ደህና ዋል» ብለነው ወደየቤታችን እንሄዳለን።

የሚኖረው ወይዘሮ እታገኘሁ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ምግቡንም የምትሠራለት እሷው ናት። እታገኘሁ ባሏ የሞተባት ጨዋ ሴት ናት፤ ጨዋ በመሆኗም መሶቡን አቅርባ፣ ክዳኑን አንሥታ፣ ሰው እንዳያማት ቶሎ ትወጣለች። ይርሳው ሁለት ሦስቴ ይጎርስና ግድግዳውን ሲያይ ይቆያል። መሶቡ እንደቀረበ ይመለሳል።

«ኮሶ ነው የያዘው» አሉ አቶ ገብረ መድህን። እኛም ኮሶ ነው አልን። ሹም ከተናገረ በኋላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?

መድኃኒቱን ያመጣው ከዲሮ የሚባል ባለጉዳይ ነው። እሱም ከጭላሎ ተራራ ወገብ እየወረደ በመሬት ክርክር ሁለት ዓመት ያመላለስነው ገበሬ ሲሆን፣ ደጁ ላይ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለው። የደረቀውን አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ይርሳውን አየት አደረገው።

«ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ይበላል?» አለኝ።

«ብቻውን።»

«ታዲያ ኮሶ ምን ያደርግለታል? እኛ ጋ ላም እንኳ ለብቻዋ ካሰርካት ሣር ትተዋለች፣ ወላሂ።»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔም ከሁሉ አስበልጬ ሳቅሁና «ውጭ ሆነህ ተራህን ጠብቅ» አልኩት።

ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይውላል፣ ጠያቂም አይገባበትም። እንግዲህ እኛ ሊቃውንቱ፣ ብቻውን በመብላት ለከሳ ሰው ብቻውን ተዘግቶ መዋልን ማዘዛችን ነበር። ይርሳው ሚያዝያ ላይ ጠጣ፤ የወረደለት ነገር የለም። «ግትር ኮሶ ነው» ተባለና ተጨመረለት። ጠጣ፤ አሁንም ምንም። ግንቦት ላይ ሦስተኛውን ጠጣ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እታገኘሁ በሩን ብታንኳኳ መልስ አጣች። ገፍታ ስትገባ መሬት ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ደግፋ አስቀመጠችውና አጥሚት በእጇ አጠጣችው። በማግስቱ መሶቡን አቅርባ ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ አየችው፤ እጁን ለመዘርጋት እንኳ አልሞከረም። ያኔ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ከመሶቡ ማዶ ተቀመጠች፣ ጠቅልላ አጎረሰችው። ቀጥላ ራሷ ጎረሰች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። በሩ ክፍት ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ አየ።

በሦስት ሳምንት ይርሳው በምስማር ከበሳቸው ቀዳዳዎች ሁለቱን ተዋቸው። ሰውየው ሲሞት ትንፍሽ ያላለው ከተማ፣ ሲድን አፉን ከፈተ። «ላጤና ባሏ የሞተባት ከአንድ መሶብ!» ተባለ። አቶ ገብረ መድህን ክፍሏን እንድታስለቅቀው ሊመክሯት ተነሡ፤ እኔን አስከተሉ። መንገድ ላይ «የመሥሪያ ቤታችን ክብር ነው» አሉኝ። «እውነት ነው ጌታዬ» አልኩ። ሌላ ነገር ማለት አልለመደብኝም።

ስሕተታችን በምሳ ሰዓት መሄዳችን ነው። ሁለቱ መሶቡን ከበው ተቀምጠዋል። እታገኘሁ ተነሥታ የእጅ ውኃ አመጣችና «እንብላ» አለች። እንብላ ተብሎ መገተር ደግሞ ነውር ነው፤ ታጥበን ተቀመጥን። ሽሮው ቅቤ ጠጥቷል። ሹሙ አራት አምስቴ ከጎረሱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ እታገኘሁ፣ የመጣነው...»

«አውቃለሁ። ይብሉ» አለችና አጎረሰቻቸው። ለእኔም ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከዚያ ድምጿን ሳታነሣ «አቶ ሣህሌ፣ ቤትዎ ከዚህ ስንተኛው በር ነው?» አለችኝ።

«አራተኛው።»

«በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ቀን ምሳ ጠሩት?»

ደግነቱ አፌ ሙሉ ነበር። ሹሙም ጥያቄው ወደሳቸው እንዳይዞር ሽሮውን ማመስገን ጀመሩ። ይርሳው ቀና ሳይል ይበላል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«ልሂድ ካለ ይሂድ፤ እኔ አላስወጣውም» አለች እታገኘሁ። «የሚያማኝ ካለ በሩ ክፍት ነው፣ ገብቶ ይይ።»

እንጀራዋን በልተን ምን አፍ ይኖረናል? እጃችንን ታጥበን፣ አመስግነን ወጣን። የስንብቱም ደብዳቤ ሳይጻፍ ሰኔ አለቀ።

ከእታገኘሁ ግቢ በወጣን ዕለት ቤቴ ስገባ ሚስቴ ብርቄ ምሳ አቅርባ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ቆማ አብልታኛለች። ከእኔ የተረፈውን ጓዳ ወስዳ ትበላለች፤ ወይም አትበላም፣ ጠይቄ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳያት አንገቷ ሥር ጎድጉዷል፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል። መቼ እንዲህ እንደሆነች አላውቅም። በጣም አፈርኩ።

«ነይ ተቀመጪ፣ አብረን እንብላ» አልኩና ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁላት።

ብርቄ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።