የሙሉጌጥ ብልቃጥ

ታቢታ ሰውን የምትመዝነው ይዞት በሚመጣው ሽንት ነበር። ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ የሕፃናት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ የእናቶችን ጉድ አውቄ ጨርሻለሁ ባይ ናት። አንዷ ከፖፖ ገልብጣ ታመጣለች፤ አንዷ ዳይፐር ጨምቃ። አምና ደግሞ አንዲት የፒያሳ ባለሱቅ ልጇ አልሸና ቢላት መጸዳጃ ቤት ገብታ የራሷን ሞልታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ታቢታ ዘንድ እናት ሁሉ ተጠርጣሪ ናት።

አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ንቀቷ ባሰ። መሣሪያው ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚለቀውን ፕሮቲን ይለካል። ያተኮሰው ሕፃን ሕመሙ ኩላሊቱ ድረስ ዘልቆ እንደሆነ በአንድ ሰዓት ይናገራል፤ ጀርም አሳድጎ እንደሚያየው እንደ ካልቸር ምርመራ ሦስት ቀን አያስጠብቅም። አዲስ አበባ ሄዳ አራት ቀን የሠለጠነችበት እሷ ብቻ ናት። በር ላይ የተኮለኮሉትን እናቶች በመስታወቱ እያየች፣ «ለአህያ ማር አይጥማትም» ትላለች። «ይሄን የመሰለ ዕቃ ለእነዚህ!»

ሰኞ ጠዋት ሙሉጌጥ መጣች። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰልባጅ የምትሸጥ፣ አርባውን የተሻገረች ሴት ናት። የዘጠኝ ወር ልጇን ሩሀማን ትኩሳት ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው። ታቢታ የሚለጠፍ የሽንት ከረጢትና ብልቃጥ ሰጠቻት። ሴትየዋ ከረጢቱን መለሰች።

«ይሄ አያስፈልግም፣ እህቴ። እኔ አሸናታለሁ።»

«እንደፈለግሽ» አለች ታቢታ አፏን አሽሟጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብልቃጡ ጢም ብሎ መጣ። ታቢታ ሳቀች። ሌሎቹ ግማሽ ቀን ተጎልተው ጠብታ ይዘው በሚመጡበት ቤት፣ ይህን ሁሉ ሕፃን ሸናው? ለወጉ ያህል ለካችው። ቁጥሩ ከጤነኛ ሕፃን አሥር እጥፍ ወጣ። ይኸው፣ አለች በልቧ፣ የራሷን በሽታ ነው ያመጣችልን። ድጋሚ አምጪ ማለት እንኳ ውሸታም መለመን መሰላት። ብልቃጡን ደፍታ ወረቀቱ ላይ፣ «የእናት ሽንት፤ ውጤት የለም» ብላ ጻፈች።

ሐኪሙ ዶክተር ዮፍታሄ ወረቀቱን አመነ፤ ታቢታ ተሳስታ አታውቅማ። ሙሉጌጥን ተቆጥቶ፣ ጥርስ እያበቀለች ይሆናል ብሎ፣ የትኩሳት ሽሮፕ አዞ ሸኛት። «የእኔ አይደለም፣ ዶክተር» ብትል ማን ይስማት።

ሐሙስ ተመለሰች። ሩሀማ ማልቀሻ አቅም አጥታ ራሷን የእናቷ ትከሻ ላይ ጥላለች። ዮፍታሄ ደንግጦ ሽንት እንደገና አዘዘ።

«ዛሬ ቆሜ አያለሁ» አለች ታቢታ። ሌባ ልትይዝ ተከትላት ወጣች።

ሙሉጌጥ ልጇን አጥባ አደራረቀች። ከዚያ መዳፏን ቧንቧ ሥር አቀዘቀዘችና ከሕፃኗ እምብርት በታች ቀስ እያለች ታሽ ጀመር፤ «ሽሽሽ» እያለች። አምስት ልጅ ያሳደገችበት ዘዴ ነው። ከማለዳ ጀምሮም ጡትና ውሃ ስትሰጣት ነበር። በአራት ቀኑ ሥልጠና ይህን ለታቢታ የነገራት የለም። ሩሀማ ሸናች። ብልቃጡ ጢም አለ።

«አሁንስ የማን ነው?» አለች ሙሉጌጥ።

ታቢታ ብልቃጡን ተቀበለቻት። ወስዳ ለካችው። ቁጥሩ ከሰኞውም በልጦ ነበር።

ዮፍታሄ ወዲያው መርፌ አስጀመረ። «ትተርፋለች» አለ። «ኩላሊቷ ጠባሳ ይኑረው አይኑረው ግን ከወራት በኋላ ነው የምናውቀው። ሰኞ ጀምረን ቢሆን...» አልጨረሰውም። የሰኞውን ወረቀት ታቢታ ፊት አስቀምጦ ወጣ። ታቢታ የገዛ እጅ ጽሑፏን አየችና ራሷን ተጸየፈች።

በማግስቱ ሙሉጌጥ ኮሪደሩ ላይ ለአንዲት ወጣት እናት አስተሻሸቱን ስታሳይ ታቢታ አገኘቻት። ፈራ ተባ እያለች ቀረበች።

«እኔንም... ያሳዩኛል?»

ሙሉጌጥ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አፏን አሽሟጠጠች።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አለቻት።

ታቢታ ሄዳ ታጠበች።